ወደ ሹፍ ተራራ የሄደው ጫማ

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ጋዜጣችንን በሱቁ በር ላይ የሚያስቀምጥልን አንድ ሊባኖሳዊ ነበር። ድሩዝ የሚባለው ሃይማኖት ተወላጅ ነው፤ ያደገው ከቤይሩት በላይ ባለው የሹፍ ተራራ ነው። ጋዜጣው በአማርኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ኦክላንድ ውስጥ ይታተም ነበር። አዘጋጁም ዘጋቢውም፣ አከፋፋይ ሲጠፋ ሾፌሩም እኔው ነበርኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ቤይሩት በሰው ቤት ስለሚሠሩ እህቶቻችን ለመዘገብ ጉዞ አሰናዳሁ። ለባለሱቁ ስነግረው የያዘውን የቲማቲም ሣጥን መሬት አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ቤይሩት ከደረስሽ ተራራው ቅርብ ነው። ለእናቴ ጫማ ታደርሺልኛለሽ? እግሯ ያብጣል። በበረዶ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው የምትወጣው።»

«ጫማ ማድረስ ምን ይከብዳል?»

«ማድረሱ አይከብድም። የሚከብደው እንድትቀበል ማድረጉ ነው።»

ነገሩን አስረዳኝ። ድሩዞች ሁሉ ሃይማኖታቸውን እኩል አያጠብቁም። አብዛኛው ሰው እንደ እሱ ዓለማዊ ነው። ጥቂቶቹ ግን ቃል ገብተው ነጭ ይከናነባሉ፤ መጠጥና ሲጋራ ይተዋሉ፤ ምንጩ ባልጠራ ገንዘብ የተገዛ ነገርም አይነኩም። እናቱ አባቱ ከሞተ በኋላ ከእነዚህ ወገን ሆናለች። ልጇ አሜሪካ መጠጥ እንደሚሸጥ ከሰማች ወዲህ ካፖርት ቢልክላት ለጎረቤት ሰጠች። ማሞቂያ ምድጃ ቢልክላት ከነካርቶኑ ምድር ቤት አስቀመጠችው።

ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ በአንድ ቢላ በማይቆረጥበት አገር ነው ያደግሁት። ሰው በጎረቤቱ ሠርግ ሲጨፍር ውሎ፣ ምሳ ሲቀርብ ለእሱ ወገን ወደተዘጋጀው ዳስ ሲሄድ ማንም አይቀየመውም።

«ከጠየቀችሽ» አለኝ፣ «አትክልት ብቻ ነው የሚሸጠው በያት።»

ከጀርባው የቢራው ማቀዝቀዣ ያጓራል።

«ያ የኋላህ ምንድን ነው? ጎመን ነው?»

ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። «የማላውቀውን አልጽፍም፤ ያልሆነውንም አላወራም። እውነት የሆነ ነገር ፈልግና እሱን እነግርልሃለሁ።»

በማግስቱ ስልክ ደወለ። ጋዜጣውን እሱ ያከፋፍል፤ እኔ ለአከፋፋይ የምከፍለውን ለእሱ ልክፈል፤ ጫማው በዚያ ብቻ ይገዛ። ተስማማን። ለሁለት ወር ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ኦክላንድ ማተሚያ ቤት እየመጣ ጥቅሉን በትከሻው እየጫነ፣ አላሜዳንና ኤል ሴሪቶን አዳርሶ ሳን ሆዜ ድረስ ያወርድ ነበር። ኦክላንድ አንድ ምግብ ቤት የሚውሉ አዛውንት ጋዜጣውን ጠዋት በጠረጴዛቸው ላይ ቢያዩት ደነገጡ፤ «ምነው ልጄ፣ በሰዓቱ መጣ? ሰው ሞቶባችሁ ነው?» አሉኝ።

ጫማው ጥቁር ነው፤ ሰፊ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ውስጡ በሱፍ የተለበጠ።

ቤይሩት ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ወደ ተራራው የሚወጣ ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ማን ቤት ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«ማንም ቤት አልሠራም። እንግዳ ነኝ።»

ሁለት ኩርባ ታጠፈ። «እንግድነቱ ገባኝ። ቤቱ የማን ነው?»

የአሮጊቷን የቤተሰብ ስም ስነግረው ሬዲዮውን ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ «መዳም» እያለ በየመንደሩ የሚታየውን ሁሉ ያስተዋውቀኝ ጀመር። የድንጋይ ቤቶቹ በገደሉ ላይ እንደ ደረጃ ተደራርበዋል። በየእርከኑ ወይራና ፖም ተተክሏል። ሰፊ ጥቁር ሱሪ የለበሱ፣ ነጭ ቆብ የደፉ ሽማግሌዎች ከየደጃቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ሰላምታ ይሰጡናል።

እናትየዋ ቁመተ አጭር፣ ዐይነ ፈጣን ሴት ናቸው። ነጩን ክንንብ ከአገጫቸው ሥር በአንድ እጃቸው ይይዙታል። የምታስተረጉመን በመንደሩ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምረው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ማቴ የሚሉትን፣ በቅል የሚቀርብ ትኩስ ነገር በአንዲት የብረት መምጠጫ በየተራ ጠጣን። ሰው በተቀባበለ ቁጥር የመምጠጫው አፍ በሎሚ ልጣጭ ይጠረጋል። ጫማው መሐላችን ከነሣጥኑ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

«ልጄ» አሉኝ ሴትየዋ፣ «ልጄ አሁንም መጠጥ ይሸጣል?»

«አዎ፣ እማማ። ቢራና ወይን። አትክልትም ይሸጣል።»

የልጅ ልጅቷ ከማስተርጎሟ በፊት በዐይኗ ገረመመችኝ።

«ይህ ጫማስ?»

የጋዜጣውን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ማተሚያ ቤቱን፣ ጥቅሉን፣ ትከሻውን። ፊታቸው ፈታ አለ። እጃቸው ወደ ሣጥኑ ተዘረጋ፤ ክዳኑን ከፈቱ፤ አንዱን ጫማ አውጥተው ሱፉን በጣታቸው ዳሰሱ።

ያን ጊዜ ነው የጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ትዝ ያለኝ። እያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ የማጣራ ሰው፣ የራሴን ጋዜጣ ጀርባ አላጣራሁም። በየእትሙ የአንድ የኦክላንድ ጭፈራ ቤት ማስታወቂያ ይወጣበታል፤ በማስታወቂያው ላይ የውስኪው ጠርሙስ ከዘፋኙ ይበልጣል። ለባለሱቁ ከከፈልኩት ገንዘብ ከፊሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ጫማው በእጃቸው ነው። ዝም ብል ያደርጉታል። ዝም ብል ደግሞ ባለሱቁ በል ካለኝ ውሸት የተሻለ ነገር አላደረግሁም።

«አንድ የቀረ ነገር አለ» ብዬ ማስታወቂያውን ለልጅቷ ነገርኳት። ረጅም ነበር። እሷ በሦስት ቃል አስተረጎመች።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«ጫማው ይሞቃል ብላለች አልኩ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ጠየቁሽ? እግራቸውን አላየሽም? ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ!»

«ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አሉ አሮጊቷ።

ልጅቷ በረጅሙ ተንፍሳ ተናገረችው። ጫማው ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። አሮጊቷ ለማቴው ውሃ እየጨመሩ ጠየቁኝ።

«ጋዜጣውን ማን ያነበዋል?»

«ሁሉም ሰው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይም ይታደላል።»

«ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መጠጥ?»

«ፓስተሩም ይህንኑ ብለውኛል። እሳቸው የመጨረሻውን ቅጠል ቀደው ነው ለምእመኑ የሚሰጡት።»

ልጅቷ ስታስተረጉም ሴትየዋ ክንንባቸውን አፋቸው ላይ ስበው ሳቁ። «ቀሪውን ያነቡታል?»

«ቀሪውን ያነቡታል። ግን ከማስታወቂያው ጀርባ ያለው ስፖርትም አብሮ ይቀደዳል።»

«በቃሽ!» አለችኝ ልጅቷ።

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሣጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሁለቱንም ጫማ ማሰሪያ ከየቀዳዳው አንድ በአንድ መዘዙ። ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ይህ የጠርሙሱ ነው፤ መልሺለት። ጫማው የትከሻው ነው» አሉኝ።

አጠገባቸው ለወንዶቹ ቆብ የሚሠሩበት ነጭ ክር ነበር። ከእሱ በጠሱ፤ ለልጅ ልጃቸው ሰጧት፤ እሷም ተንበርክካ እያሾለከች አሰረችላቸው። ፎቶ ላንሳዎት ብላቸው ሃይማኖታቸው እንደማይፈቅድ ነገሩኝ፤ ካሜራዬን መለስኩ።

ታክሲው የሚቆመው ከመንደሩ አደባባይ ነው። እሸኝሻለሁ ብለው ተነሡ። ልጅቷ በክረምቱ አንድም ቀን እዚያ ድረስ ወርደው እንደማያውቁ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ከቤይሩት ሳን ሆዜ ደወልኩ። ከስልኩ ወዲያ ደንበኛ ይጮህበታል።

«ተቀበለች?»

«አዎ።»

«ስለ ቢራው ነገርሻት?»

«ነገርኳት። ስለ ጋዜጣው ማስታወቂያም ነገርኳት።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አለ። «አደረገችው ወይስ አስቀመጠችው?»

«አድርጋው ሸኘችኝ።»

«እስከ በሩ?»

«እስከ አደባባዩ። ሁለት ጊዜ ቆማለች። አንዴ ለማረፍ፣ አንዴ ደግሞ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ምን ዓይነት ጫማ ነው ብላት። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ፣ ልጄ ነው የላከልኝ አለቻት።»

ደንበኛው እንደገና ጮኸ። ባለሱቁ እንዲጠብቅ ነግሮት ወደ እኔ ተመለሰ።

«እስቲ ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ» አለኝ።