የችግኝ ውሃ

ሰኔ ገባ። ቡራዩ በተከራየሁት ቤት ጓሮ የጎመን ችግኝ ነቅዬ ወደ መደቡ አዛውሬ እተክላለሁ። እርጥብ አፈርና የተቀጠፈ የጎመን ቅጠል ሲሸተኝ ሰበታ ትዝ ይለኛል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የኖርንበት የኦቦ ቱፋ ግቢ።

ኦቦ ቱፋ አከራያችን ነበሩ። ዝናቡ ገና ስላልጠና ችግኝ የሚተክሉት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሥሩን በሁለት ጣት ጠቅጠቅ ያደርጉና ቀና ሳይሉ «ገመቹ፣ ቢሻን ፊዲ» ይላሉ። ውሃ አምጣ ማለታቸው ነው። ገመቹ ልጃቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንዝ ወስዶት ነበር።

መልስ የሚሰጣቸው ሲጠፋ፣ አንድ ቀን «አቤት» ብዬ በጣሳ ውሃ ወሰድኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አቤት የምለው እኔ ሆንኩ። እናቴ የሰማች ቀን ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«በሙት ስም ሲጠሩሽ አቤት አይባልም» አለችኝ።

ፈራሁ። በማግስቱ ሲጣሩ ከበራችን ሳልነሳ ዝም አልኩ። ሁለቴ ተጣሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ መሆንሽን አጥቼው አይደለም» አሉኝ። «ግን አቤት የሚለኝ ከሌለ እጄ አይሠራም።»

አፈሩን ከእጃቸው አራግፈው ወደ ቤት ገቡ። የተነቀለው ችግኝ መሬት ላይ ጠውልጎ አደረ።

አሁን ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ትጣራለች።

«ገመቹ!»

እዚህ አካባቢ ገመቹ የሚባል ልጅ ሞልቷል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ጣሳውን ይዤ ተነስቼ «አቤት» ብያለሁ።

ጥሪው ቆመ።