ነጣልሽ

አክስቴ ኦስሎ ውስጥ እኔ ዶክትሬቴን የምሠራበትን ፎቅ ጠዋት ጠዋት ታጸዳለች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለውን የመስታወት ገንዳዬን ከባልደረቦቼ ሁሉ ይልቅ የምትጎበኝልኝ እሷ ነች። «ባሕር የሌለው አገር ተወልደሽ፣ ምን በወጣሽ የባሕር ድንጋይ ትጠብቂያለሽ?» እያለች ትቀልድብኛለች።

ድንጋይስ አይደለም። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ይመግቡታል፣ ቡናማ ቀለሙም የእነሱ ነው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ይወጣሉ፤ ኮራሉም ነጥቶ ይራባል። የእኔዎቹ ዘራቸው አብዛኛው ኮራል ነጥቶ ካለቀበት ባሕር የተረፈ ነው። አንዴ የተረፈ፣ ዳግመኛ ቢሞቅበት ይነሣል ወይ? ይህን ለማወቅ ውሃውን ሆን ብዬ አሞቅሁት። ነጡ። ከዚያ አቀዝቅዤ መጠበቅ ያዝኩ።

አክስቴ ነጥተው ስታያቸው ፊቷ በራ። «እሰይ፣ ነጣልሽ! ማን ፈትጎ አጸዳልሽ?» አለችኝ። ለእሷ፣ ነጠላም ይሁን መታጠቢያ ቤት፣ ነጭ ማለት የጸዳ ነው። ሳቄ መጣ፤ ማስረዳቱ ግን ታከተኝ። ብነግራትም በኖርዌይኛ «ያ፣ ያ»፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ ብላ ነው የምታልፈው።

በዚያው ሰሞን ቫይትቬት ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ በረዶ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጊዜው የክረምት ዕረፍት ስለነበር ባልደረቦቼ የበረዶ መንሸራተቻቸውን ይዘው ወደ ተራራ ወጥተዋል። ከእነሱ መጨረሻ የሄደችው ባልደረባዬ፣ ኮራሎቹ አሁንም እንደ ኖራ ነጭ ናቸው ብላ ጽፋልኝ ነበር። እኔ እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ከሞቱ የዓመታት ልፋቴ ገደል ገባ። ከዚያ በላይ ያስፈራኝ ግን፣ ባሕሩ ውስጥ የተረፉትም አቅም ጨርሰዋል ማለት መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ፈርቼ ነበር።

አንድ ጠዋት አክስቴ ደወለች። እግሬን ጠየቀችኝ፣ ስለ ብርዱ አወራች፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። የሆነ ነገር እንደደበቀችኝ ገባኝ።

«ልጄ፣ እንዳትናደጂ» አለች በመጨረሻ። «ድንጋዮችሽ መልሰው ቆሸሹ።»

«እንዴት ቆሸሹ?»

«ከሥር ከሥራቸው ቡኒ ቡኒ ብለዋል። ጓንት አድርጌያለሁ፤ ክዳኑን ከፍቼ በስፖንጅ ፈተግ ፈተግ ላድርጋቸው?»

«ነይ! ነይ!» ብዬ ጮኽኩ።

በኖርዌይኛ «አይሆንም» ማለቴ ነበር። እሷ እንኳ ራሷ ቀኑን ሙሉ «ነይ» ስትል ነው የምትውለው፤ ያን ጠዋት ግን ጆሮዋ አማርኛውን መረጠ።

«ሥራዬን ጥዬ የት ልምጣ?» አለች ተቆጥታ።

«እዚያው ሁኚ፤ ብቻ እንዳትነኪያቸው!»

እንባዬ ዝርግፍ አለ፤ ደግሞም እስቃለሁ። አክስቴ በድንጋጤ እግርሽን ነው ወይ ያመመሽ ትለኛለች። ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ነጩ ረሃባቸው እንደነበር፣ ቡኒው ምግባቸው እንደሆነ፣ ሁለተኛም እንደተረፉ። ይህን ጊዜ «ያ፣ ያ» አላለችም። ጓንቷን ስታወልቅ ተሰማኝ።

«ዕድሜ ልኬን ቆሻሻ ሳጸዳ ኖሬ» አለች፣ «እልል የሚባልለት ቆሻሻ ዛሬ ገና አየሁ።»

ሰው በሌለበት ኮሪደር ውስጥ ቆማም እልል አለችልኝ።