ጉድጓድ የገባው ዳዊት

የትምህርት ቤታችንን ዳዊት ጣሊያን አቃጠለው ይላሉ። ባለፈው ንግሥ ላይ አንድ ወጣት ሰባኪ እንዲሁ ብሎ ሰውን ሲያስለቅስ ሰማሁ። እኔ አላለቀስኩም። ጣሊያን ብዙ ነገር አቃጥሏል፤ ያን ዳዊት ግን አላቃጠለውም። እዚያው ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ሰባኪውን ጠርቼ ስነግረው «አባባ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም። ስለዚህ በማውቃት ፊደል ልጽፈው ተቀመጥኩ። የልጅ ልጄ «እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ ታሳምረዋለች ብዬ እምቢ አልኩ።

አገራችን ከቡታጅራ በላይ ነው፤ ዳገቱን ጨርሰህ እንሰቱ ጥቅጥቅ የሚልበት። ትምህርት ቤት ስል ዛሬ ያለውን የቆርቆሮ ቤት አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንድ ትልቅ ጽድ ነበር፤ ከሥሩ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር፤ በቃ ያ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ እንገባለን። አስተማሪያችን ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የኔታ ነው የምንላቸው፣ ሌላ ስም አላውቅላቸውም።

ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ እንሰበሰባለን። ፊደል ቆጣሪው በአንድ በኩል፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበው በሌላ በኩል፣ ዳዊት ደጋሚዎቹ የኔታ አጠገብ። ሁሉም የራሱን ይጮኻል። ከጀፎረው ማዶ፣ ማለት በየቤታችን ፊት ከሚያልፈው ከሰፊው የሣር መንገድ ማዶ፣ ለሚሰማ ሰው ገበያ የቆመ ይመስለዋል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ተኙ ብለህ አንዲት ቃል ብትዘል አለንጋው ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ጀርባህ ላይ ነው። ረቡዕ እንጨት እንለቅማለን፤ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እንጠርጋለን፣ ሣር እናጭዳለን። ማታ ማታ ጸሎት በቃል ነው።

መጽሐፋችን ሁለት ነበር። አንድ ያረጀ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንድ ዳዊት። ሁለቱም ብራና። ዳዊቱን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ልጅ ነው፤ ሌላው ዙሪያውን ተቀምጦ ባለበት አቅጣጫ ያነባል። እኔ መልእክተ ዮሐንስን ከፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር የማየው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያወቅኋቸው ፊደላት ተዘቅዝቀው ነው። ቀጥ አድርገው ሲሰጡኝ ጠፋብኝ። የኔታ «ይሄን ልጅ በእግሩ ስቀሉት፣ ያነባል» ብለው ልጆቹን አሳቁብኝ።

የኔታን የሚቀልበው አገሩ ነበር፣ ቤት ለቤት በተራ። እንደመጡ ሰሞን ተራው የእናቴ ሆነ። ቆጮ በጎመን አቀረበችላቸው። የኔታ ቆጮውን አንስተው ወደ ብርሃኑ አዩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ የሚበላ ነው የሚነጠፍ?»

«ይቅመሱት የኔታ። ካልጣፈጠዎት ይተኙበታል።»

በሉት። ጨመሩም። ከዚያ ወዲያ ከእናቴ ጋር ወዳጅ ሆኑ፤ በተራዋ ቀን ቀደም ብለው ነበር የሚመጡት።

አባታችን አዲስ አበባ ሸቀጥ ሊነግድ ሄዶ ጦርነቱ እዚያው አገኘው። አልተመለሰም። ለእናቴ የቀረናት እኔና ታላቅ ወንድሜ ነበርን። እኔ ጭንቅላቴ ድንጋይ ነበር፤ ወንድሜ ግን ለየት ያለ ነው። ዳዊት በሰባት ቀን ተከፍሎ ይደገማል፤ የሰኞ አለ፣ የማክሰኞ አለ፣ እያለ ይሄዳል። ወንድሜ የዓርቡን ጨርሶ ነበር። መዝሙሮቹ እንዲያልቁለት የቀረው የቀዳሚት ብቻ ነው። ያንን ከጨረሰ ዳዊት ደገመ ይባላል፤ እናቱ ትደግሳለች፣ የኔታ በአገሩ ፊት ቆመው እሷንም እሱንም ይመርቃሉ። ቀጥሎ ድቁና ነው። እናቴ ባል የሌላት ሴት ናት፣ የሚናገርላት የለም። ከዚያ ምርቃት በቀር የምትመኘው ነገር አልነበራትም። የቆጮ ጉድጓድ ስትከፍት፣ እንሰት ስትፍቅ፣ ወንድሜን «ስንት ቀረህ?» ትለዋለች። «ቀዳሚት ብቻ» ይላታል። «ቀዳሚት ብቻ» ትላለች እሷም ለራሷ።

ወሬውን ያመጣልን አንድ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ነው። እስላም ነው፣ ግን በየፋሲካው ከእኛ ቤት አይጠፋም፤ የራሱን ዶሮ ራሱ አርዶ ይበላ ነበር። በቅሎውን እንኳ ሳያስር «አሰላሙ አለይኩም፣ ተነሱ» አለ። «ባንዶቹ ከቡታጅራ ካምፕ ወጥተዋል። ጽሑፍ ያገኙበትን ቤት የሽፍታ ወረቀት ነው እያሉ ያቃጥላሉ። ያላችሁን ደብቁ።»

ሰው ጀፎረው ላይ ተሰበሰበ። የኔታ መጽሐፎቹን ይዘው ወደ ዋሻው ሊወጡ ፈለጉ። እናቴ ተነሳች።

«ዋሻውን ማን የማያውቀው እረኛ አለ? መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው» አለች። «በኔ ጉድጓድ ይግባ።»

«የት?» አሉ የኔታ።

«በቆጮ ጉድጓድ። በኮባ ጠቅልዬ፣ ከላዩ ቆጮ እጭንበታለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት የቀበርኩት እንኳ ሳይነካ ይወጣል።»

ሴቶቹ ሁሉ «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ለኛ ከጉድጓድ የበለጠ ማስቀመጫ የለም። ረሃብ የሚያልፈው በጉድጓድ ነው፤ የልጅ ሠርግ የሚደገሰው ከጉድጓድ ነው። የኔታ የጤፍ አገር ሰው ናቸው፣ ስለ እንሰት የሚያውቁት ከአፋቸው የገባውን ያህል ነው። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ።

እናቴ እንደ ልጅ ነው የጠቀለለቻቸው። ደረቅ ኮባ፣ ከላዩ እርጥብ ኮባ፣ በቃጫ አጥብቃ አሰረች። ወንድሜ ተቀብሎ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠ። ቆጮው ተጫነ፣ ድንጋይ ተጫነበት።

ባንዶቹ በማግሥቱ መጡ። ዋሻውን በረበሩት፤ እናቴ ያለችው አልቀረም። የእኛንም ቤት ገለባበጡት። አንደኛው ጉድጓዱን ከፍቶ ዱላውን ሰደደና አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ምግባችን ነው ጌታዬ። ልጋግርልዎት?» አለችው።

ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ከሄዱ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። የኔታ ሳይቀሩ። እናቴ ያን ቀን በሴቶቹ መሐል እንደ ጀግና ነበር የምትታየው።

ወዲያው እናውጣው ያለ ሰው አልነበረም፣ ባንዶቹ ከዳገቱ ሥር ሰፍረው ይመላለሱ ነበር። ክረምቱ ገባ። ትምህርት በቃል ሆነ፤ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተጠጋግተን የኔታ ይላሉ፣ እኛ እንላለን። ወንድሜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን እየደጋገመ ቀዳሚትን ይጠብቃል። መስቀል አለፈ። ባንዶቹ ሰፈራቸውን ነቅለው ወረዱ። በዚያው ሳምንት ጉድጓዱ ተከፈተ። ተማሪው በሙሉ መጥቶ ነበር፣ የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

ኮባው ወጣ። እናቴ ቃጫውን ስትፈታ እጇ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የቆጮው ውኃ ሁሉንም አልፎ ገብቶ ነበር። ብራናው አብጦ፣ ርሶ፣ እንደ ተቀቀለ ቆዳ አንዱ ካንዱ ተጣብቋል። ቀዩ ቀለም ፈስሶ ሮዝ ውኃ ሆኗል። ወንድሜ አንዱን ገጽ ሊገልጥ ቢሞክር በጣቱ መሐል ተበጠሰ።

ቆዳ ከቆጮ ጋር እንደማይቀመጥ በአገራችን የማታውቅ ሴት የለችም። ጠፍር እንኳ ጉድጓድ አጠገብ ከተረሳ ይበሰብሳል። ብራናም የፍየል ቆዳ ነው፤ ይህንንም ሁላችን እናውቃለን። ግን ያን ዳዊት ስመን ከፍተን ስመን ነበር የምንዘጋው። ቆዳ ነው ብሎ ያሰበው ማንም አልነበረም። ሽማግሌዎቹም፣ ሴቶቹም፣ የኔታም።

እናቴ አልጮኸችም። የረጠበውን በነጠላዋ እየጠረገች «ይደርቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል» ትል ነበር። የኔታ እጇን ያዙ።

«ተዪው ልጄ። ተዪው» አሏት። ከዚያ ወደኛ ዞረው «ይህችን ሴት አንዲት ቃል የተናገራት እኔ አላውቀውም» አሉ።

ወንድሜ «የቀዳሚትን በቃል ያስተምሩኝ፣ እርስዎ ያውቁታል» ብሎ ለመናቸው።

«አውቀዋለሁ። ግን በዓይንህ ሳታየው ደግሟል ብዬ አልመሰክርልህም። እነዚህስ ትንንሾቹ በምን ሊማሩ ነው?»

የኔታ ቆላው ላይ ካለው ሐይቅ በኩል የሚያውቁት ደብር አለ፤ እዚያ ዳዊት ይዋሱ ዘንድ ሊሄዱ ቆረጡ። ሽማግሌዎቹ መንገዱ ላይ የጣሊያን ኬላ አለ ብለው ከለከሏቸው። ወንድሜ አብሬ ልሂድ አለ። «አንተ ትምህርት ቤቱን ጠብቅ» አሉት። እናቴ ስንቅ ቆጮ ጋገረችላቸው። ሲቀበሏት ሊያስቋት ብለው «ቢደክመኝ እተኛበታለሁ» አሏት። አልሳቀችም።

ወንድሜ ትምህርት ቤቱን ጠበቀ። በየጠዋቱ ከጽዱ ሥር ይቆማል፣ ፊደሉን አመድ ላይ በእንጨት እየጻፈ ያስቆጥረናል። አለንጋውን ግን አልነካም፤ እንደተሰቀለ ነበር። ባለተራው ቤት የየኔታን ምግብ ማምጣቱን አልተወም፣ ዛሬ ቢደርሱ ጦማቸውን እንዳያድሩ። ማታ ሳይነካ ይመለሳል። መጀመሪያ አንዱ ቤት ተራውን ዘለለ፣ ቀጥሎ ሌላው። በመጨረሻ እናቴ ብቻ ቀረች፤ በሰው ተራም እሷ ታመጣ ነበር።

በርበሬ ነጋዴው በየገበያው ይጠይቅልን ነበር። አንድ ቀን መጥቶ ከደጅ ቆመ፤ ግባ ብንለው አልገባ አለ። «አንድ ሽማግሌ ቄስ መጽሐፍ ይዞ ሲመለስ ኬላ ላይ አስቁመውት ነበር አሉኝ። ወደ ውስጥ አስገቡት አሉ። ሲወጣ ያየው የለም። የናንተው ይሁን ሌላ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።» እናቴ «መጽሐፍ ይዞ?» ብላ ጠየቀችው። «ይዞ» አላት።

ቀጥሎ ከየቤቱ አንድ ሰው ለመንገድ ሥራ ተባለ። ከኛ ቤት ለሥራ የደረሰ ወንድሜ ነው። ሌሎቹም ትልልቅ ተማሪዎች ወረዱ፣ ድንጋይ ሲፈልጡ ዋሉ። ከጽዱ ሥር እኔና ትንንሾቹ ቀረን፤ ትንሽ ቆይቶ ማንም አልቀረም። መልእክተ ዮሐንስም አብሮ ነው የበሰበሰው። የኔ ትምህርት እስከዚያ ነው።

ጣሊያን ወጣ። ወንድሜ ተመለሰ፣ አገባ፣ እርሻ ያዘ። ከጊዜ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የኔታ አገኘ፣ የታተመ ዳዊትም ተገዛ። እናቴ እንደሰማች ወንድሜ ቤት ሄደች፣ እኔም ነበርኩ።

«ቀዳሚት ብቻ ናት የቀረችህ» አለችው።

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«አንድ ቀን አትፈጅብህም።»

«የኔታ መጽሐፍ ሊያመጡልኝ ሄደው ቀሩ። እኔ በሌላ መጽሐፍ ልደግም?»

«ለሳቸው አይደለም፤ ለኔ ነው!» አለችው። «እኔ ነኝ ጉድጓድ የከተትኩት። ሳትደግም በሞት ብለይህ ምን ብዬ ነው የማያቸው?»

ወንድሜ እልኸኛ ነው፣ ሁለታችንም ነን። «እስቲ አያለሁ» አላት። እስቲ አያለሁ እያለ ዓመቱ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። እሷ በየቅዳሜው ደጁን ረግጣ ትመለሳለች፤ ስለ ዳዊት ግን ሁለተኛ አላነሳችም። እኔም ወንድሜን አልተቆጣሁትም። ውስጡ የነበረውን አውቃለሁ፤ ከደገመ የኔታን የሞቱ አድርጎ መቁጠሩ ነበር።

እናቴ በበጋ ሞተች፣ ጠዋት። አስከሬኗ ገና ቤት ሳለ አዲሱ የኔታ ዳዊቱን ይዘው መጥተው በራሷ በኩል ተቀመጡ። ሊጀምሩ ሲሉ ወንድሜ እጁን ዘረጋ።

«ይስጡኝ።»

ሰጡት። ከመሐል ፈልጎ አወጣ። ድንጋይ የፈለጠ ጣት ነው፣ ስሱን ወረቀት መግለጥ አቃተው፣ እኔ ገለጥኩለት። የቀዳሚትን አነበበ። ፊደሎቹ ላይ እየተደናቀፈ፣ እንደ ጀማሪ በጣቱ እየተከተለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ለቀስተኛው ለሙት የሚደገም መሰለው። ምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሱ ነበርን። ሲጨርስ መጽሐፉን ለየኔታ መለሰ። እሳቸው ነገሩን ስላላወቁ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብቻ አሉት።

ጎረቤቶች ገብተው እናቴን አነሷት። ወንድሜ ከቦታው አልተነሳም። ብብቱን ይዤ አቆምኩትና ከኋላዋ ሄድን።