ካባ የለበሰው አዞ

አሰላ ገበያ ዳር፣ ዘርትሁን ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እየተቀመጠ የሚስለውን እንግዳ ስሙን የጠየቀው አልነበረም። ኮቱ የከተሜ፣ የተሰነጣጠቀ እጁ ግን የገበሬ ነው። በውሃ ቀለም የሚስለው የአርሲ ሰው አይቷቸው የማያውቃቸውን አውሬዎች ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዘርትሁን ጠጋ ብላ ብታይ፣ ካባ የለበሰ አዞ ልጅ ያዘለች ሴት ከነጎጆዋ ይውጣል።

ሻይ ሊጠጡ የመጡት ምስለኔም ሥዕሉን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«አንተ! ካባዬን ለአውሬ ታለብሳለህ?»

«የርስዎ መሆኑን በምን አወቁ?» አለ ሰዓሊው።

ምስለኔው ወረቀቱን ቀደው፣ ረግጠውት ሄዱ። ዘርትሁን ቁራጮቹን ልትለቅም ጎንበስ አለች።

«ተዪው እቴ። ሴትዮዋ እናቴ ናት፤ ሲረግጧት ዛሬ የመጀመሪያቸው አይደለም።»

ንጹህ ወረቀት ዘርግቶ አዞውን እንደገና ጀመረው። አሁን ግን ፊቱን የምስለኔውን አደረገው።