ዲስኩ ላይ የነበረው ማሳ

አንድ ቴራባይት የሚይዘው ዲስኬ ኮምፒውተሩ ላይ ሠላሳ ሁለት ጊጋባይት ብቻ ብሎ ሲታየኝ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ገመዱን ነው። ገመድ ቀየርሁ። መሰኪያ ቀየርሁ። የጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ ሞከርሁት፤ ያው ሠላሳ ሁለት። የልጆቼ ፎቶ የለም፣ ሠርጋችን የለም፣ የአባቴ ማሳ የለም። ገመዱ ነጻ ሲወጣ ጥርጣሬዬን ወደ ባለቤቴ አዞርሁት።

አባቴ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ገበሬ ነበሩ። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሊሸነሸን ሲል አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ይዤ ተከተልኋቸው። ድንበሩን በዱላቸው እየነኩ፣ "ይኸ ቦዩ ነው፤ ይኸ የዋንዛዋ ሥር ነው፤ እዚህ ላይ ዳጉሳ እንጅ ጤፍ አይሆንም" እያሉ ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። ጣና ከሚታይበት ጫፍ ሲደርሱ ወደ ሐይቁ ዞረው ቆሙ። ዲስኩን የገዛሁት ለዚያ ፊልም ስል ነው። ስልኬ ሞልቶብኝ ስለነበር እንደገለበጥሁት ከስልኬ አጠፋሁት።

አሁን አባቴ ከእህቴ ጋር ባሕር ዳር ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ እኛ ቤት ይመጡና ገና ሳይቀመጡ "እስቲ ማሳየን ክፈትልኝ" ይሉኛል። ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ እሰካላቸዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ ካሉት ከራሳቸው ጋር ሳይቀር ይከራከራሉ። "ኧረ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ምን ሆነሃል!" ይሉታል ሰውዬውን።

ባለቤቴ ዲስኩን አልፎ አልፎ የዲሹ ሪሲቨር ላይ እየሰካች መዝሙር ትከፍታለች። ሪሲቨሩ ደግሞ አንዳንዴ ፎርማት ላድርገው፣ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

"ኦኬ ብለሽ ተጭነሻል" አልኋት።

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ በራሱ ጊዜ ነው የጠፋው?"

"አልነካሁትም አልሁህ እኮ።"

ስቆጣ አፌ ይቀድመኛል። ያልተማረ ሰው የማያውቀውን ሲነካ እንዲህ ነው አልኋት። ትምህርቷን ያቋረጠችው ልጆቻችንን ለማሳደግ መሆኑን እያወቅሁ ነው ያልሁት። ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ "ምሳ ቀርቧል" ከማለት በቀር አላናገረችኝም።

እሑድ አባቴ መጡ። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋቸው። ከጥቁሩ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ትንሽ ተቀምጠው፣ ውኃ ጠጥተው ከወትሮው ቀድመው ሄዱ።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ዲስኩን ረጋ ብዬ ከፈትሁት። በንዴቴ ጊዜ የጠፋውን እንጂ ያለውን አላየሁም ነበር። ያለው ዊንዶውስ መጫኛ ነው። የተጻፈበትን ቀን አየሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ይላል። ሐሙስ ከሰዓት ለአንድ ባልደረባዬ ዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሳዘጋጅ ዲስኩም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ነበር። ፕሮግራሙ የትኛው ላይ ልጻፍ ሲለኝ ሳላነብ ተጫንሁ። ያለው ሁሉ ይጠፋል ሲለኝም እሺ አልሁት። እሱም ከፊት ሠላሳ ሁለት ጊጋባይት ከልሎ የቀረውን ማንም እንዳይደርስበት አድርጎ ተወው። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ፍላሹን ሰድቤ እንደገና ሠራሁ። ሥራዬ ኮሌጅ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ማስተካከል ነው። አፈርሁ።

ዲስኩ ላይ ምንም ሳልጽፍ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ለቀቅሁበት። በሁለተኛው ቀን ፎቶዎቹ መጡ፤ ሠርጋችንም ስሙን አጥቶ በቁጥር መጣ። የማሳው ፊልም ግን አልመጣም። ዲስኩ ላይ መጀመሪያ የገባው እሱ ስለነበር ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ዊንዶውሱም የተጻፈው እዚያው ላይ ነው። ለባለቤቴ "ፎቶዎቹ ተገኝተዋል" አልኋት። ማን እንዳጠፋቸው አልነገርኋትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ለአባቴ እውነቱን ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ የዱላቸውን ጫፍ ሲያዩ ቆዩና ተነሡ።

"ውሰደኝ" አሉ። "እዚያው ቁሜ እነግርሃለሁ፤ አንተ ደግመህ ታነሣዋለህ።"

በባጃጅ ዓባይን ተሻግረን ዘንዘልማ ወረድን። አባቴ ከፊት፣ እኔ ስልኬን ደግኜ ከኋላ። የቆርቆሮ አጥር፣ ብሎኬት፣ የአሸዋ ክምር፣ እንደገና የቆርቆሮ አጥር። አንዱ አጥር ጋ ቆመው በዱላቸው ሊነኩ ሲሉ ተዉት። ተመለሱ። ሌላው ጋ ሄደው ቆሙ። ሐይቁን ፈለጉ፤ ሐይቁ በነበረበት በኩል ያላለቀ ፎቅ ቆሟል። በፊልሙ ላይ ያለ ማቋረጥ ሲናገሩ የነበሩት ሰው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ስልኬ ይቀርጻል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ በየሳምንቱ ስታየው አልነበር? ዋንዛዋ በየት በኩል ነበረች?"

አላውቅም ነበር። እኔ ዲስኩን ሰክቼላቸው ውጭ በረንዳ ላይ ስልኬን እየነካካሁ ነበር የምቀመጠው። አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አላየሁትም። አጠገባቸው ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስታይ፣ እያንዳንዱን ድንበር ስትጠይቃቸው የኖረችው ባለቤቴ ናት።

መቅረጹን አቋርጬ ደወልሁላት። ቶሎ አላነሣችም። ስታነሣ ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን "ዋንዛዋ በየት በኩል ነበረች?" የሚል ነው።

"ስልኩን ለአባባ ስጣቸው" አለችኝ።

ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። "እሽ... አዎ፣ ቦዩ... እሽ የኔ ልጅ" እያሉ ከአጥሩ ጥግ ተነሥተው ቀስ ብለው ወደ ግራ መራመድ ጀመሩ። ስልኩ እሳቸው ጋ ስለነበር አልቀረጽሁም። ዝም ብዬ ከኋላቸው ሄድሁ።