እግሬ የማይረግጠው አዳራሽ

በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱ ሰዎች ጉዳይ አንድ ቀን እንቅልፍ ይነሳሻል ያለኝ ሰው ቢኖር "ጤናህን ነው?" እለው ነበር። ነገሩ የጀመረው በልብስ ማጠቢያ ጠብ ነው። ዙሪክ፣ ዜባህ በሚባል ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀን አለው። በዚህ አገር ብዙ ነገር ይቅር ይባላል፣ በሰው የማጠቢያ ቀን አንሶላ ማጠብ ግን አይባልም። እኔ ገና መግባቴ ስለነበር አላወቅኩም፤ አጠብኩ።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት አረንጓዴ ማሊያ ይዘው ወረዱና ማሽኑ በእኔ አንሶላ ሲሽከረከር አገኙት። ጮኹብኝ። እኔም ጮኽኩባቸው፣ በአማርኛ፤ ጀርመንኛዬ ያኔ ለጠብ የሚበቃ አልነበረም። ያልኩት ስላልገባቸው እግዜር ይመስገን። ሲደክማቸው ማሊያውን ፊቴ ላይ ዘረጉና "ነገ ጨዋታ አለ፤ ይሄ ሳይታጠብ አልሄድም" አሉኝ።

"ለዚች ጨርቅ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" አልኳቸው በተሰባበረ ጀርመንኛ።

"ነገ ነይና እዪ።"

በነጋታው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ይሆናል።

አዳራሹ ከዜባህ ወደ ዲቤንዶርፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ማሞቂያ የለውም፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ቡድኑ ከትልቁ ሊግ ብዙ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ነው፤ ልጆቹ በአዘቦት ቀን አንዱ ቧንቧ ይሠራል፣ አንዱ ባንክ ቤት ይለማመዳል፣ አንዱ ዳቦ ይጋግራል። አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋሉ። ፑክ የሚሏትን ጥቁር ጎማ በመጀመሪያው ዓመት አይቻታለሁ ብል ውሸት ነው። ሰው ወደሚያይበት አያለሁ፣ ሰው ሲጮህ እጮሃለሁ። አሮጊቷ ከጎኔ ቆመው ዳኛውን ከዘር ማንዘሩ ጋር ይሰድቡታል። በደረጃችን ላይ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጥተው የሚያልፉት ጨዋ ሴትዮ እኚሁ ናቸው ብሎ ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

እኔም ቆሎ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ የወፍ ምግብ ነው ብሎ ይሳሳቅ ነበር፤ ኋላ ግን ሳልዘረጋ እጅ ይዘረጋልኝ ጀመር። ከበሮ የሚመታው ጺማሙ ሰውዬ እንዲያውም በአንድ እጁ እየመታ በሌላው ይቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቡድኑ ቢያሸንፍ ባያሸንፍ ደንታ አልነበረኝም። ሙሉ ሳምንት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ድስት ሳጥብ እውላለሁ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አንድ ነበር፤ እሳቸው። በጨዋታ ቀን ማሊያቸውን ለብሰው ያንኳኳሉ፣ እኔም ካፖርቴን አነሳለሁ። በአፌ እንደ አገሩ ደንብ በቤተሰብ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ በልቤ ግን እማማ ነው የምላቸው። ቡድኑ ከሌለ እማማ አያንኳኩም፤ የነበረኝ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት የውድድሩ ወራት ሊያበቃ ሲል የቡድኑ ባለቤት ጄኔቫ አዲስ አዳራሽ አግኝቻለሁ፣ ተመልካቹም እዚያ ይበዛል፣ ቡድኑ ወደዚያ ይዛወራል አለ። ሰዉ አበደ። ቡድን እንደ ሶፋ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል እንዴ?

ሌላ ከተማ ቢሆን እኔ ዝም እል ነበር። ጄኔቫ! ዙሪክ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የምተኛው ከማሞቂያው ማሽን አጠገብ ባለች ክፍል ነው፤ መውጫዬ እሁድ ብቻ ነበረች፣ እሷም እንግዳ ካልመጣ። እመቤቲቱ ክፉ አልነበረችም፤ ብቻ እኔ መኖሬን የምታስታውሰው ቡና ሲያምራት ነው። ከዚያ ከተማ ስወጣ ዞሬ አላየሁትም። አሁን ደግሞ ያችኑ ያለችኝን አንድ ነገር መጥቶ ሊወስድብኝ?

የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ማንም አልወጣም። ጺማሙ ባለ ከበሮ የተመልካቹ ብረት አጥር ላይ ወጥቶ "ጄኔቫ አንሄድም!" አለ። ሰዉ ሁሉ የቢራ ኩባያውን ከፍ አድርጎ "አንሄድም!" አለ። እማማም የሻይ ኩባያቸውን አነሱ። እኔ ግን ኩባያ ማንሳት መሐላ አይመስለኝም። ደሜ ፈልቷል። በአማርኛ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ፣ "እናቴ ትሙት እግሬ እዚያ አዳራሽ አይረግጥም!" አልኩ።

ያደግኩበት ሰፈር ይሄ መሐላ ለብይም ይማላል፣ ለከረሜላም ይማላል። ማንም በዚህ ምክንያት እናቱን አልቀበረም። እማማ ግን ጠጋ ብለው "ምን አልሽ?" አሉኝ። እኔ ሞኝ ቃል በቃል በጀርመንኛ ነገርኳቸው፦ እዚያ አዳራሽ ከገባሁ እናቴ ትሙት አልኩ።

ኩባያቸው አየር ላይ ቀረ። "እናትሽ በሕይወት አሉ?"

"አለች። ደሴ ናት።"

ኩባያውን ሳይጠጡ መልሰው አወረዱት። በአማርኛ ከአፌ ሲወጣ እንደ ምራቅ ቀላል የነበረው ነገር በጀርመንኛ ስደግመው እኔንም አስደነገጠኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእውነት መሐላ ሆነ። ደሴ በደወልኩ ቁጥር እማዬ ትንሽ ካሳላት ልቤ ይመታ ጀመር።

ቡድኑ ሄደ። ብርዱ ሲገባ ጺማሙ ሰውዬ ከበሮውን ታቅፎ የጄኔቫ ባቡር ላይ ታየ ተባለ። ቀጥሎ ሌሎቹ። "አንሄድም" ያለው ሰው ሁሉ በቡድን ቲኬት፣ በቅናሽ፣ እየዘፈነ ይሄዳል። አልገረመኝም፤ በኩባያ የተማለ ነገር ከቢራው ጋር አብሮ ያልቃል።

የገረመኝ የእማማ ነገር ነው። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ በአንዱ የምትሠራ፣ እዚያው ግራንድ ሳኮኔ የምትኖር። "ብቻሽን ደረጃ እየወጣሽ አንድ ቀን ትወድቂያለሽ፣ እኔ ጋ ነይ" ስትላቸው ዓመታት አልፈዋል። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ቡድኔ እዚህ ነው።" አሁን ያ መልስ ከእጃቸው ወጣ። ልጅየዋም ጊዜ አላጠፋችም።

ሳህኖቻቸውን በጋዜጣ የጠቀለልኩላቸው እኔ ነኝ። "ደስ ይበልዎ እንግዲህ፣ ቡድንዎ ጋ ሊሄዱ ነው" አልኳቸው። ሽሙጥ መሆኑ በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል። ሌላ ሳህን አቀበሉኝ። መኪናው ሲነሳ እጃቸውን አወዛወዙ፤ እኔ ወደ ምድር ቤት ወርጄ ያለ ተራዬ ልብስ አጠብኩ። ማንም አልመጣም።

ከዚያ አልደወልኩላቸውም። ከፋኝ። ከፋኝ ብቻ ሳይሆን ቀናሁ። በየጨዋታው ቀን በአዲሱ አዳራሽ ከፊት ቆመው፣ ያንን አረንጓዴ ለብሰው፣ የሰው ልጅ ሲሰድቡ ይታየኛል። ይመቻቸው፣ እላለሁ ለራሴ። እኔ እንደሆንኩ ምያለሁ።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ልጃቸው ደወለችልኝ። "እናቴ ከቤት አትወጣም" አለችኝ። "ከእርስዎ ጋር ተጣልታለች እንዴ?" የማውቀው ነገር የለም አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አስፈቅጄ በባቡር ሄድኩ። ከጣቢያው በአውቶቡስ ግራንድ ሳኮኔ ስደርስ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ የሰው ገበያ ተሸክሜ እንደተመላለስኩ ትዝ አለኝ፤ አለፍኩት።

ልጅየዋ በር ከፍታልኝ፣ ሻይ አቅርባ፣ ለብቻችን ትታን ወጣች። እማማ ከስተዋል። መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ ባሻገር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ጀርባ፣ ሰፊ ነጭ ጣሪያ ይታያል። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዜባህ፣ ቤታቸው ስለገቡት አዲስ ሰዎች አወራን። መሃል ላይ ከነጩ ጣሪያ ስር ጥሩምባ ተነፋ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ጎል ሲገባ የሚነፋ ነው።

"ጨዋታ አለ እንዴ ዛሬ?"

"አለ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

ሻያቸውን አማሰሉ። "አንድም ቀን አልሄድኩም።"

"ከደጅዎ ላይ ሆኖ?"

"አንቺ በእናትሽ ሞት ስትምዪ እኔ ከጎንሽ ቆሜ ኩባያዬን አንስቻለሁ። ሌሎቹ ምን እንዳልሽ አልገባቸውም። እኔ ጠይቄሽ ነግረሽኛል።" ቀና ብለው አዩኝ። "እናትሽ እንዴት ናቸው?"

እኔ ዙሪክ ቁጭ ብዬ ሳማቸው፣ እሳቸው ይህን ጣሪያ እያዩ፣ ያንን ጥሩምባ እየሰሙ፣ ወራቱን ሙሉ የማያውቋትን የእኔን እናት ነፍስ ሲጠብቁ ከርመዋል። ምን ይባላል? ይቅርታ ቢባል ያንሳል። አፈርኩ፣ ማልቀስም መጣብኝ፣ በራሴም ተናደድኩ። ስልኬን አወጣሁና ደሴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ በአንቺ ምዬ ነበር፤ ፍቺልኝ።"

"ምን ብለሽ ነው የማልሽው?"

ነገርኳት።

"በኳስ ነው የገደልሽኝ?"

"ኳስ አይደለችም እማዬ፣ ጎማ ናት።"

"ይባስ ብሎ ጎማ!" ከጀርባዋ የጎረቤት ሴቶች ሲስቁ ይሰማኛል። "የኔ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አልሞክርም። ማታ ማታ ደረቴን ይወጋኛል፤ አንቺ ገብተሽ እኔ አንድ ነገር ብሆን ዕድሜ ልክሽን አትተኚም። አልፈታም።"

"አሮጊቷስ? በእኔ ምክንያት እኮ ነው ቤት የተቀመጡት።"

"እሳቸው በእኔ ምለዋል?"

"የለም። ኩባያ ነው ያነሱት።"

"በኩባያ ማን ይሞታል! ይግቡ እንጂ፣ ምን ሆነው! እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፤ የኔ ልጅ ያላሰበችልኝን አስበውልኛል። አንቺ ደጅ ቁሚ። ምላስሽን ትገሪበታለሽ።" ስልኩን ዘጋችው።

እንዳለ ተረጎምኩላቸው፣ ደጅ መቆሙንም ጭምር። "እናትሽ ልክ ናቸው" አሉና ተነሱ። ማሊያው ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሹራባቸው በላይ አጠለቅኩላቸው።

ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ሄድን። አዳራሹ አዲስ ነው፣ መስተዋት በመስተዋት፤ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ አይመስልም። ከውስጥ የጺማሙ ከበሮ ይሰማል። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ጨዋታው ሊያልቅ ስለሆነ ቲኬት አያስፈልግም፣ ሁለታችሁም ግቡ አለን በፈረንሳይኛ። እኔ እዚህ ነኝ አልኩት። አስተያየቱ ይህች ሴት ጤነኛ አይደለችም የሚል ነበር።

"ብርድ ነው እኮ" አሉኝ እማማ።

"ይግቡ፣ ያልቅብዎታል።"

ገቡ። በሩ ተዘጋ። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ቆምኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ የከበሮውን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ ማን እየመራ እንደሆነ አላውቅም፣ ከውጭ ሁሉም ጩኸት አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ እንደቆምኩ ስልኬ ጠራ። እማማ ናቸው። ወደቁ እንዴ ብዬ ደንግጬ አነሳሁት።

"የማልሽው እግርሽን ነው ወይስ ጆሮሽንም?" አሉ፤ ከከበሮው በላይ እየጮኹ ነው።

"እግሬን ብቻ!"

"እንግዲያው ስሚ። እኩል ለእኩል ነን። ባለ ሰባት ቁጥሩ ይዟታል። ወደ ግራ ሰጠ። ምን ሆኖ ቆመ ይሄ ልጅ? ሂድ እንጂ! ሂድ!" ከዚያ እኔ መኖሬን የረሱ መሰለኝ፤ ስልኩ ውስጥ የበረዶው ፍጭት፣ የዱላው ቋቋታ፣ የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግኩትም። "ገባ!" አሉ በመጨረሻ። "ገባልን! ሰማሽ? ገባልን!"

እልል አልኩ። ፌርማታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኛ!