የለታይ ካምቢዮ

ባለፈው ቅዳሜ ከሱቄ ደጃፍ ቆሜ የተሰቀሉትን ነጠላዎች አቧራ ሳራግፍ፣ ሱሪ የለበሰች አንዲት ወጣት በሳይክል በፊቴ አለፈች። ከባጃጆቹ መሃል ሾልካ ወደ ሮቢት አቅጣጫ ነጎደች። ድሮ ቢሆን ግማሹ ቆቦ ሥራውን አቁሞ ያያት ነበር። ያን ቀን ግን ከእኔ በቀር ቀና ያለም አልነበረም። እኔ የያዝኩትን ነጠላ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ለታይ ትዝ አለችኝ።

ለታይ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦ የከተሙ ክርስቲያኖች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚሁ የኖርን የእህል ነጋዴ ቤት ነን። በእኛ ኢድ እሷ ከእኛ፣ በእነሱ ፋሲካ እኔ ከእነሱ አልጠፋም ነበር። የሥጋው ነገር ብቻ ለየብቻ ነው፤ እናቷ ዶሮው ከሚሠራበት ራቅ አድርጋ፣ በሌላ ድስት ሽሮ ትሠራልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሚጥም ሽሮ በልቼ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሟ ለሥራ ጅቡቲ ሲሄድ የውድድር ሳይክሉን ለእሷ ትቶላት ሄደ። ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ ነው። ለታይ ጎህ ሲቀድ ተነስታ በማሽላው መሃል ወደ ዋጃ ትነዳና ፀሐዩ ሳይበረታ ላቧን እየጠረገች ትመለሳለች። ሰፈሩ ለእናቷ «ልጅሽን ያዥ» ማለቱ አልቀረም። እናቷም «ምን አድርጌ ልያዛት? ከእኔ ትፈጥናለች» ትላቸው ነበር።

በጥቅምት አንድ ወሬ መጣ። የአንድ ሳይክል ቡድን አሰልጣኝ ሴቶች ሊመለምል አላማጣ ይመጣል፤ ከከተማው በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ያስወጣቸዋል፤ ሳይክል ያላት ሁሉ ትምጣ ተባለ። ለታይ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። በዚያው ሳምንት ገበያ ቀን ታዲያ ማሽላ የጫነ ጋሪ ወደ ኋላ ሲመለስ ከግድግዳ ያስደገፈችውን ሳይክል ጨፈለቀው። ሌላው ሁሉ ተረፈ፤ ካምቢዮው ግን ተሰበረ። ካምቢዮ የምንለው ከኋላ ጎማው ሥር ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዕቃ ነው። ያለ እሱ ሜዳ ላይ መንዳት ይቻል ይሆናል፤ ዳገት ግን የማይታሰብ ነው።

ከመቀሌ የሚመላለስ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አሮጌ ካምቢዮ በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላት። እየሮጥን ወደ ጋሽ ይመር ሄድን። ጋሽ ይመር በመንገዱ ዳር ጋሪና ሳይክል የሚጠግኑ፣ ዘይት የማይለቀው ካፖርት የሚለብሱ ሽማግሌ ነበሩ። ዕቃውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት ማለት ይቻላል፣ ከዚያ መለሱልን።

«ልጆቼ፣ ወላሂ ይቺን ነገር ነክቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ባለ አንድ ጥርሱን ነው። ባበላሽባችሁስ?»

«ታዲያ ማን ያውቃል ጋሽ ይመር?» አለች ለታይ።

«እዚህ አገር? አላህ ያውቃል» አሉና መፍቻ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ አውሰው ሸኙን።

ከነለታይ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ሳይክሉን በመሪውና በኮርቻው አቁመን ገልብጠን ያዝነው። መግጠሙ ራሱ ቀላል ነበር፤ ከጎማው መሃል ዝቅ ብላ ባለች የብረት ጆሮ ላይ በአንድ ቡሎን ይታሰራል። ቀጥሎ ካቴናውን በምስማርና በመዶሻ ፈትተን፣ ከካምቢዮው ሥር ባሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሶች መሃል አሳለፍነው። ፔዳሉን ስናዞር ብረት በብረት ተፋጨ፤ ለካስ አዙረን አሳልፈነዋል። እንደገና ፈታን። እስከ ክርናችን ጠቁረናል። በመሃል ስንደክም በጥቁር እጃችን ጥንቅሽ እየላጥን እናኝካለን፤ ያ ጣፋጭ የማሽላ አገዳ ከግራሶ ጋር ያለው ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

ከማርሽ መቀየሪያው የሚመጣውን የሽቦ ገመድ እኔ በፒንሳ ወጥሬ ስይዝ እሷ ካምቢዮው ላይ አሠረችው። ፔዳሉን አዞርን። ካቴናው ጥርስ በጥርስ ወጣ፣ ወጣና ትልቁ የመጨረሻው ጥርስ ላይ ሲደርስ አልሻገርም አለ።

«ዘይነባ፣ ዳገት የሚወጣው እኮ በዚያ ነው!» አለችኝ ለታይ።

ገመዱን ብናጠብቅም ወይ ፍንክች። ካምቢዮው ጀርባ ላይ ሁለት ጥቃቅን ቡሎኖች ነበሩ። አንዷን ብንነካት ምንም ለውጥ የለም። ሌላኛዋን ስናላላት ካምቢዮው ወደ ውስጥ ጠጋ አለ። ደግመን አላላናት፤ እንዳትመለስ ብለን ጨመር አደረግንበት። ካቴናው ዘፍ ብሎ ትልቁ ጥርስ ላይ ወጣ። ሁለታችንም እልልታችንን አቀለጥነው፤ እናቷ «ማን ተዳረ?» እያለች ከጓዳ ወጣች።

ከዓመታት በኋላ ነው ያቺ ቡሎን ለምን እንደተሠራች የነገሩኝ። ካምቢዮው ከመጨረሻው ጥርስ አልፎ ከጎማው ሽቦዎች ውስጥ እንዳይገባ የምታግድ አጥር ናት። እኛ የታሰረ ነገር የፈታን መስሎን አጥሩን አፈረስነው። ለታይ በማግስቱም በሠልስቱም ወደ ዋጃ ነድታ ሞከረችው፤ እንከን አልነበረውም። ቆቦ ሜዳ ናት፤ ሜዳ ላይ ደግሞ የዳገቱን ጥርስ የሚፈልግ የለም።

እሁድ ጠዋት አባቴ «ሂጂ፤ አብራችሁ ሄዳችሁ አብራችሁ ተመለሱ» ብሎ ፈቀደልኝ። በአይሱዙ፣ ሳይክሉን ሽንኩርት ጆንያ ላይ አጋድመን አላማጣ ገባን። ልጃገረዶቹ ተሰልፈው ሳለ እኔ ቀደም ብዬ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁና ከአንድ መታጠፊያ ቆምኩ። ከታች የራያ ሜዳ ማሽላው እየበሰለ ቢጫ ለብሶ፣ መጨረሻው በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ጠፍቶ ይታያል።

ሁለተኛ ሆና መጣች። ከፊቷ ያለችውን ልትደርስባት ምንም አልቀራትም። እኔን አየችኝና ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ከዚያች መታጠፊያ ጀምሮ ዳገቱ ይበልጥ ይበረታል፤ እጇን ወደ ማርሹ ስትልክ አየሁ። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ የብረት ሳይሆን የአጥንት ስብራት መሰለኝ። የኋላ ጎማው ድርቅ አለ፤ ለታይ በጎኗ ወደቀች። ሌሎቹ ልጃገረዶች እያለከለኩ በአጠገቧ አለፉ።

ስደርስ ጉልበቷ እየደማ ሳይክሉን ገልብጣዋለች። ካምቢዮው ከጎማው ሽቦ ጋር ተጠማዝዞ፣ የብረት ጆሮዋ ተገንጥላለች። ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ወዲያው ተከበብን። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ወረደ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ሽቦና ፒንሳ አመጣ። አንድ አዛውንት ቄስ ፀሐይ እንዳይመታት ጥላቸውን ዘረጉላት። ውሃ የተሸከመች ሴት ጀሪካኗን አውርዳ ጉልበቷን አጠበችላት። ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ፣ ሁሉም ነካ አደረገ፣ ሁሉም ቀና አለ። ቄሱ «አይዞሽ ልጄ» አሉ። ውሃ የያዘችው ሴት ያንኑ በትግርኛ «ኣጆኺ ጓለይ» አለቻት። ሹፌሩ የተበጠሰውን ካቴና አውጥቶ ጎማውን ካላቀቀ በኋላ፣ በእኛው አገር አይዞሽ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አላት።

የአሰልጣኙ መኪና ደርሶ ቆመ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «ጥሩ እየመጣሽ ነበር» አላት። «ግን ትርፍ ሳይክል የለኝም። ሌላ ጊዜ።» የፊተኞቹ እየራቁት ነበርና ነድቶ ሄደ።

«እንውጣ» አለችኝ ለታይ።

«የት?»

ሳይክሉን እየገፋች ሽቅብ ጀመረች፤ እኔም የተሰበረውን ካምቢዮ በነጠላዬ ይዤ ተከተልኳት። ጥቂት እንደወጣን የአሰልጣኙ መኪና የተመረጡትን ጭኖ፣ ሳይክሎቻቸውን ከላይ አስሮ ቁልቁል ተመለሰ። ልጃገረዶቹ ውስጥ ሆነው ይዘፍናሉ። ለታይ መንገድ ልትለቅላቸው ወደ ዳር ጠጋ አለች። ከሁሉ ያቺ መጠጋቷ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ሳይክሉን አዞረችና «ተቀመጪ» አለችኝ። ካቴና የሌለው ሳይክል ቁልቁለት አይከለክለውም። ከፊቷ ባለው ብረት ላይ በጎን ተቀመጥኩ፤ ጎማው እየተወላገደ፣ የፊቱ ፍሬን እየጮኸ ቀስ ብለን ወረድን። እንባዋ ማጅራቴ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። ዞሬ ላያት አልደፈርኩም።

ያ «ሌላ ጊዜ» አልመጣም። ለታይ ከዓመት በኋላ ቤይሩት ለቤት ሥራ ሄደች። ከዚያ አንዳንዴ ስትደውል ታለቅስ ነበር፤ አሠሪዋ በር ቆልፋባት እንደምትወጣ፣ ፓስፖርቷን እንደያዘችባት ትነግረኝ ነበር። «ምን ላድርግልሽ ለታይ?» እላታለሁ፤ ከቆቦ ሆኜ ምን እንደማደርግላት እየጠፋኝ። «ምንም። አብሽሪ በይኝ ብቻ» ትለኛለች። እኔ ግን ያን ቃል ጠልቼው ነበር። ዳገቱ ላይ የከበቡንን ሰዎች ለብዙ ዓመት በልቤ አኩርፌያቸው ኖሬያለሁ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ የሚያውቅ ይጥፋ? እያልኩ ነበር የማስበው። ቢሆንም ስለለመነችኝ እላት ነበር፤ ስትሰማው ትንፋሿ ይረጋጋል።

አሁን ከቤይሩት ተመልሳ ዋጃ ላይ ትንሽ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብር አላት። የእኔ ትልቁ ልጅ ደግሞ ለማንም ሳይናገር በአፋር በረሃ በኩል ወደ ሳዑዲ ካቀና ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ያልጠየቅሁት ሰው፣ ያልደወልኩበት ቁጥር የለም። ሰው መፍትሔ ይዞ ሲመጣ ደስ አይለኝም፤ መፍትሔው ሁሉ ባዶ መሆኑን አውቃለሁና። ለታይ ግን መደብሯን ዘግታ በሚኒባስ ትመጣለች። ከሱቄ በርጩማ ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች። ምንም ልታደርግልኝ እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን። እጄን ትይዝና «አብሽሪ፣ ዘይነባ» ትለኛለች።

እኔም ትንፋሼ ሲረጋጋ ይሰማኛል። ባዶ እጅ ያለው ሰው ከዚህ ሌላ የሚሰጠው የለውም፤ ለካስ ዳገቱ ላይ የከበቡንም ያላቸውን ሰጥተውን ኖሯል።